ድምፅ በሚዛን

ባለሚዛኑ ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣ። ፊቱን ታጠበ፤ ውሃ ጣደ፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ካለው የስኳር ቆርቆሮ አስደግፎ አቆመው።

«አንተ ሰውዬ፣ ክኒንህን ዋጥክ?» አለው ስልኩ።

«ልውጥ ነው፤ አትቸኩይ» አለ።

ድምፁ የሚስቱ ነው። እሷ ካረፈች ሦስት ዓመት አልፏል። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ድርጅት የቆዩ የድምፅ ቅጂዎችን ተቀብሎ እንደ ድምፁ ባለቤት የሚያነጋግር ማሽን እንደሚሠራ ሲሰማ፣ ባለሚዛኑ ስልኩ ውስጥ የቀረውን የእሷን ድምፅ ሁሉ ልኮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁርሱን ብቻውን በልቶ አያውቅም።

የዚያን ቀን ጠዋት ራሱን እያዞረው መሆኑን ነገራት። «የደም ግፊትህ ከፍ ብሎ ይሆናል፤ አንድ ጨምርበት» አለችው። ጨመረበት። አርባ ዓመት ሙሉ ያንን ድምፅ እሺ ሲል ኖሮ ዛሬ ለምን ብሎ ይጠይቅ?

ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ደረጃ ሲወርድ ወደቀ። ጎረቤቶቹ ደግፈው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት።

ነርሷ ግፊቱን ለክታ ቁጥሩን ሁለቴ አየችው። «በጣም ወርዷል። ሁለተኛውን ክኒን ማን አዘዘልዎት?»

«ባለቤቴ።»

«እንግዲያው ይጥሩልኝና ላነጋግራቸው።»

ባለሚዛኑ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረ።

የእህቱ ልጅ በኮሪደሩ ስታልፍ ያየችው ይህን ጊዜ ነው። ለጉዞ የጤና ማስረጃ ልታወጣ መጥታ ነበር። የሕግ ባለሙያ ናት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ብዙ መንግሥታት ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጋራ ደንብ ለማውጣት ሲሰበሰቡ አገሯን ወክላ ትቀመጣለች።

«አጎቴ! ምን ነካዎት?»

«ምንም አልሆንኩ። ደረጃው ነው የተሳሳተ።»

«ባለቤቴ» ማለቱን ከነርሷ ስትሰማ ያ የስልኩ ድምፅ መሆኑ ገባትና አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። «እኔም የምሄደው ለዚሁ ጉዳይ ነው» አለችው ቀስ ብላ።

«ሰምቻለሁ። ትበላላችሁ፣ ትጠጣላችሁ፣ ፎቶ ትነሣላችሁ። ነገሩ በአየር የሚመጣ! በየትኛው ኬላ ልታስቆሙት ነው?»

«ኬላ ስለማያቆመው እኮ ነው መስማማት ያስፈለገው። ሠሪው አንድ አገር፣ ማሽኑ ሌላ አገር፣ የወደቁት እርስዎ ደግሞ እዚህ። ልክሰስ ብል የማንን በር ላንኳኳ? አንዱ መንግሥት ብቻውን ቢከለክል፣ ድርጅቱ ዕቃውን ጠቅልሎ ጎረቤት ይገባል።»

«ትልልቆቹ አገሮች በትንንሾቹ ቃል ሊታሰሩ ነው? ልጄ፣ ወገቤን እያመመኝ አታስቂኝ።»

«ያ ሱቅ ለሱቅ ሲፈትሹበት የኖሩት ኪሎ ከየት መጣ?»

ባለሚዛኑ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበር። የናስ መለኪያዎች የተደረደሩበት የእንጨት ሣጥን ተሸክሞ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፤ ትክክለኛውን ሚዛን ያትማል፤ ስህተት ያለበትን እዚያው ከባንኮኒ ያነሣል። ሙያው ሲነሣበት ዝም ማለት አይሆንለትም።

«መንግሥታት ተስማምተው ነዋ! እዚህ ኪሎ የሆነ ድንበር ሲሻገር ጎዶሎ እንዳይሆን።»

«በአንድ ቀን ተስማሙ?»

«የት! ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀው።»

«ነጋዴው ሚዛኔን በራሴ መለኪያ ፈትሼዋለሁ፣ ደህና ነው ቢልዎትስ?»

«እስክጠግብ ስቄ ሣጥኔን እከፍት ነበራ።»

«ዛሬ ማሽኖቹን የሚፈትሹት በአብዛኛው ራሳቸው ሠሪዎቹ ናቸው።»

ባለሚዛኑ ሽንፈትን በቀላሉ የሚቀበል ሰው አልነበረም። «ናስ ይዳሰሳል። ይህ ንግግር ነው። ንግግር በምን ይመዘናል?»

«የማያውቁትን ሚዛን በምን ነበር የሚፈትሹት?»

«ክብደቱን በማውቀው ነገር» አለ። ስልኩን ቀስ ብሎ ከኪሱ አወጣ።

ሚስቱን መጀመሪያ ያያት ሱቋ ውስጥ ነበር። ሚዛኗ የተበላሸው በራሷ ላይ ነበር፤ ለገዢው በየኪሎው ሠላሳ ግራም ይጨምራል። አንሥቶ ሊወስደው ሲል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በምን ልሸጥ ነው?» አለችው። መጠሪያው በዚያው «አንተ ሰውዬ» ሆኖ ቀረ።

«እስቲ ንገሪኝ» አለ ለስልኩ፤ «ስንተዋወቅ ሚዛንሽን ለምን ነበር ያነሣሁት?»

«አንተ ሰውዬ፣ አጉድዬ እሸጥ ስለነበር ነዋ! ይቅር ብለኸኝ የለ?» ብሎ ስልኩ ሳቀ። ሳቁ የራሷ ሳቅ ነበር።

የባለሚዛኑ ፊት ተለወጠ። «አንድ ግራም አጉድላ አታውቅም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በገዛ አፏ ስሟን አጠፋው።»

«ክፋት የለበትም፤ የማያውቀውን የሚያውቅ መስሎ ይሞላዋል። ቢሆንም እርስዎን ጥሎዎታል። እኛ የምንለው፣ ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ሠሪው ያልሆነ ይፈትነው፤ ማሽን ነኝ ይበል፤ መድኃኒት አይዘዝ ነው። ጉዳት ሲደርስም በየአገሩ የሚጠየቅ ሰው ይኑር። የሞተ ሰው ድምፅ ደግሞ በሕይወት ሳለ ካልፈቀደ አይወሰድ።»

«እሱ ጥፋት የእኔ ነው። ሳልጠይቃት ነው የላክሁት።»

ልጅቱ እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። «ቃልዎን ለጉባኤው ባቀርበው ይጠቅማል» አለችው።

«ብሰጥሽ ድምፁ ምን ይሆናል?»

«አልዋሽዎትም። ድርጅቱ አቤቱታ የቀረበበትን ይዘጋል፤ ውሉ ላይ ተጽፏል። ተመልሶ አይከፈትም። ቢተዉትም አልቀየምም።»

ባለሚዛኑ ስልኩን ገልብጦ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ወዲያ ማዶ አንድ ሕፃን መርፌ ተወግቶ አልቅሶ ዝም አለ።

«ስህተተኛ ሚዛን እስኪጠገን ባንኮኒ ላይ ይቆይ ብዬ ለማንም ፈቅጄ አላውቅም» አለ። «ለእሷም አልፈቀድኩላት። ወረቀቱን አምጪ።»

ጉባኤው ሁሉን ነገር አልጨረሰም፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ በአንድ መቀመጫ አያልቅም። ሆኖም የባለሚዛኑ ቃል ተነበበ፤ እንዲህ ያሉ ማሽኖች በገለልተኛ መርማሪ እንዲፈተኑና በሕክምና ምክር እንዳይገቡ የተስማሙ አገሮች ፈረሙ። በእነዚያ አገሮች ዛሬ አንድ ሽማግሌ ማሽን አምኖ ቢወድቅ፣ ልጆቹ የሚያንኳኩት በር አላቸው። የፈራሚዎቹም ቁጥር እየጨመረ ነው።

ባለሚዛኑ አሁንም በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል። ነርሷ ቀኑን ጽፋ ከሰጠችው ሣጥን ክኒኑን ያወጣል፤ አንድ ብቻ። ግፊቱ ደህና ነው። ስልኩም ከስኳር ቆርቆሮው ተደግፎ ይቆማል፤ ልማድ ሆኖበት ነው። «አንተ ሰውዬ» የሚለው ግን የለም።