ቆጣሪዋ በቁስቋም ቁልቁለት

በ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. ግንቦት፣ ልደታ ባለፈች ማግስት፣ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ቁስቋም ማርያምን ተሳልመው ቁልቁለቱን ሲወርዱ የባለሱቁን የሸፊን ልጅ ጀዊሪያን ከአጥራቸው በር ላይ ቆማ አገኟት። ጀዊሪያ መምህርት ናት፤ ያን ሰሞን ግን ለሕዝብ ቆጠራ ተመድባ ቤት ለቤት ትዞር ነበር። ያቀፈችውን ቅጽ ሲያዩ ወይዘሮዋ ፈጥነው በሩን በገላቸው ከለሉት። ለብሔራዊ ውትድርና ዕድሜው የደረሰው አንድያ ልጃቸው ታረቀኝ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ተሸሽጓል። ለጎረቤቱ ሁሉ ግን «ጎጃም አጎቱ ዘንድ ሄዷል» ብለው አስወርተው ነበር።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? እቤት ስንት ነፍስ አለ?»

«እኔና ማርያም ብቻ።»

ጀዊሪያ ሳቅ አለች። «ማርያምን እንዳልጽፋት ዕድሜዋን ይጠይቁኛል።»

ይህን ጊዜ ከውስጥ ሳል ተሰማ።

«ድመት ናት» አሉ ወይዘሮዋ ፈጠን ብለው።

«ውይ፣ ጉንፋን ይዟታል።» ወዲያው ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ ታረቀኝ ይቆጠር።»

«ሰው አይቆጠርም፣ ልጄ። ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር መቅሠፍት ወረደ። እናቴ ጫጩት እንኳ ቆጥራ አታውቅም ነበር።»

«እመቤታችሁስ ቤተልሔም የወረደችው ልትቆጠር አይደል? ጎረቤታችሁ ሆኜ ስንት ገና ሰምቻለሁ።»

«እሱንማ ሰምተሻል። ከዚያስ? ሄሮድስ ልጇን ፍለጋ ወታደር አልላከም? ይህች ከላያችን ያለችው ቁስቋም የማን ስደት መታሰቢያ መሰለችሽ?»

የወይዘሮዋን ፍርሃት አላዋቂነት ብሎ የሚንቅ ሰው፣ ያን ዘመን ወንድ ልጅ አላሳደገም።

«ፍርሃትዎ ከንቱ ነው አልልዎትም» አለች ጀዊሪያ። «ነገር ግን እኔ የምጽፈው ለቀበሌ አይሰጥም፤ ሕጉ ይከለክላል። የሚወጣው ድምሩ እንጂ የሰው ስም አይደለም። አምና ኩፍኝ በገባ ጊዜ ክትባቱ መንደሩን ሳያጋምስ ለምን አለቀ? ጤና ጣቢያው ስንት እንደሆንን አያውቅም። ሁላችንም ‹እኔና ማርያም ብቻ› ብለናላ!»

ወይዘሮዋ ክትባቱ ሳይደርሳት የሞተችውን የጎረቤታቸውን የአፀደን ሕፃን አሰቡ።

«ሕግ ጠመንጃ የለውም፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

ጠመንጃ ያለው ግን ከመታጠፊያው ብቅ አለ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጉልላት ነበር።

«መምህርት! እዚህ ቤት ስንት ሰው አለ? ወንድ ልጅ አለ ይባላል።»

ወይዘሮዋ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። አሁን አንዲት ቃል ብትወጣ ልጃቸውን መቼም ላያዩት ይችላሉ።

ጀዊሪያ ቅጹን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «ጓድ ጉልላት፣ የቆጠራ ነገር ለማንም አይነገርም።»

«ለእኔም?»

«ለአባቴም።»

ጉልላት ፊቷን አየ፤ በሩን አየ። ሳሉ አሁን ቢመጣስ? አልመጣም።

«አንደበትሽ ረዝሟል። እናያለን!» ብሎ ቁልቁል ወረደ።

የቡት ጫማው ኮቴ እስኪጠፋ ሁለቱም አልተነፈሱም። ከዚያ ወይዘሮዋ የልጅቱን እጅ ያዙ፤ ከራሳቸው እጅ ይልቅ ቀዝቅዞ ነበር።

«ለካ አንቺም ትፈሪያለሽ» አሉ። «ፈርተሽም ካልተናገርሽ፣ ግቢ። ሄሮድስ ሌላ ነው፣ ቆጣሪ ሌላ ነው። ታረቀኝ ቦጋለ ብለሽ ጻፊ።»

የቆጠራው ውጤት ታትሞ ሲወጣ ጀዊሪያ የቀበሌያቸውን የሕፃናት ቁጥር ፈልጋ ገልብጣ ለጤና ጣቢያው አሳየች። በተከታዩ ዘመቻ ክትባቱ ከታች ከመንገዱ እስከ ላይ እስከ ቁስቋም ጥግ አዳረሰ። እንዲህ ነው፤ መንግሥት ያላወቀውን ሕፃን መርፌ አይደርሰውም፤ ያልተቆጠረ ተማሪም ወንበር አይጠብቀውም።

ታረቀኝን በቅጹ ምክንያት የፈለገው ሰው አልነበረም። እናቱ ግን የቡት ኮቴ በሰሙ ቁጥር ትንፋሻቸውን መያዝ አልተዉም። ልጆቿን የምትሸሽግ ጎረቤት ምክር ስትጠይቃቸው ግራ ቀኙን አይተው ጆሮዋ ሥር እንዲህ ይሏት ነበር፦

«ለጉልላት አትንገሪ። ለቆጣሪዋ ግን ንገሪ።»