በአፍንጫ የሚወጣ ወተት

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንዲት ወጣትና አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። ወጣቷ ጭኗ ላይ በሻርፕ የሸፈነችው ካርቶን አለ፤ ውስጡ የሆነ ነገር ያላዝናል።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ቡችላ ነው እማማ። ከተወለደ ገና አራተኛ ቀኑ ነው።»

«ኧረ በስመ አብ! ውሻ ይዘሽ ነው አጠገቤ የተቀመጥሽ?»

«ታሞብኝ ነው። ሐኪም ጋ እየወሰድኩት ነው። የጠባው ወተት በአፍንጫው ተመልሶ ይወጣል።»

«በአፍንጫው?»

«አዎ። ላንቃው ተሰንጥቆ ነው የተወለደ። አፉን ከፍቼ በስልኬ መብራት አየሁት። ላሳይዎት?»

«ተይ፣ አታሳይኝ!... እስኪ አሳይኝ።»

«አዩት ቀዳዳውን?»

«አየሁት። ታዲያ በምን ነፍሱ ቆየ?»

«ወተቱን በቀጭን ቱቦ ሆዱ ድረስ አደርስለታለሁ። በየሁለት ሰዓቱ።»

«የእኔም የበኩር ልጅ ወተቱ እንዲሁ በአፍንጫው ይወጣ ነበር። እንጥሉ ወርዶ ነው ተባለና አስቆረጥነው።»

«ወይኔ! ቆራጩ አፉን ሲከፍት ቀዳዳውን አላየም?»

«አይቷል። እንጥሉ የበላው ነው አለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደሙ አልቆም አለ። እግሩን ጥርቅም አድርጌ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።»

«እማማ...»

«እንደው ልጄ፣ ይሄ ቱቦ ያኔም ነበር?»

«እኔ እንጃ እማማ።»

ከኋላቸው እንደተቀመጥኩ ላንቃዬን በምላሴ ከዳር እስከ ዳር ዳበስኩት።