የፊቱ ወደ ኋላ

ሾፌሩ ወረታ ላይ የአውቶቡሱን የፊትና የኋላ ጎማዎች ሲያቀያይር ቆይቶ ወደ ባሕር ዳር ስንነሳ፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ተቆጡ።

«ጓድ ሾፌር፣ ልጄ ምጥ ይዟት ትናንት በቃሬዛ ወረታ አደረስናት፤ አሁን ባሕር ዳር ሆስፒታል ናት። አንተ ጎማ ታገላብጣለህ!»

«እማማ፣ በየጊዜው ካልተቀያየረ የፊቱ ብቻውን ያልቃል። መንገድ ላይ ቢፈነዳ ጭራሽ አንደርስም።»

«አዲስ አትገዛም?»

«በኮታ ነው፤ ከየት ይመጣል? ቃሬዛውን የያዙት አልተፈራረቁም?»

«ተፈራረቁ እንጂ! የፊቱ ወደ ኋላ፣ የኋላው ወደ ፊት። የፎገራን ጭቃ አንድ ትከሻ ብቻውን ይችለዋል?»

«ጎማም እንደዚያው ነው። እርስዎስ? ዐይንዎ ቀልቷል፤ ማን ተካዎት?»

«እናትን ማን ይተካል?»

«እስከ ባሕር ዳር እኔ አለሁ። እኔ ነቅቼ መንዳቴ ካልቀረ፣ እርስዎ ይተኙ።»

ሐሙሲት ሳንደርስ ራሳቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ እኔም ባሕር ዳር እስክንገባ አልተነቃነቅሁም።