በሞቴ የማይል ሰውዬ

ያን ዓመት ዝናቡ አላቆም ብሎ፣ አሜሪካ ውስጥ ዋይትሆል በምትባል ከተማ ከአፓርትመንታችን ጀርባ ያለው ወንዝ እንደ ክረምት ዓባይ ደፈረሰ። ባስ የሚባለው ዓሣማ የውሃ ሽታ ሆነ። እኔ ግን ከዌርሃውስ፣ ከመጋዘን ሥራዬ፣ ሺፍቴን ጨርሼ ስወጣ መንጠቆዬን ይዤ እወርዳለሁ፤ ሚስቴ ወይንሸት ላይ "የዛሬው እራት ዓሣ ጥብስ ነው!" ብዬ ስንቴ ፎክሬባታለሁ መሰላችሁ! አንድ ቀን አጠገቤ የሚያጠምደው ቢል የሚባል አሜሪካዊ ሽማግሌ እንደ ምንም አንድ ባስ ያዘ። ባዶ ባልዲዬን አየና "ውሰደው" አለኝ። እኔም የጨዋ ልጅ አይደለሁ? "ኖ፣ ቴንኪው" አልኩት፤ በልቤ ግን "በሞቴ!" እስኪለኝ እየጠበቅኩ ነው። እሱ እቴ! "ኦኬ" ብሎ ዓሣውን ወንዙ ውስጥ መልሶ ለቀቀው። ዓይኔ እያየ እራቴ እየዋኘ ሄደ።

በሳምንቱ ለእኔም ቀናኝና ክንዴን የሚያህል ባስ ያዝኩ። ቢል ደግሞ በተራው ባዶ እጁን ነው። ታዲያ እያየኝ ብቻዬን ይዤ ልሂድ? "ቢል፣ ውሰደው" አልኩት፣ አንዴ እንኳን እምቢ ማለቱ መቼም አይቀርም ብዬ። "ኦ፣ ቴንኪው!" አለና አፈፍ አድርጎ ባልዲው ውስጥ ከተተው። ቤት ስገባ ወይንሸት "ዛሬም ባዶ?" አለችኝ።

"ይዤ ነበር፤ ሰጠሁት።"

"ለማን?"

"ለአሜሪካ!" አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ። "ስንት ዘመን የእርዳታ ስንዴዋን በላን፤ ዛሬ ደግሞ እሷ ዓሣዬን ትብላ!"