ደምሰው አባት ሲቆጥር

በንጉሡ ዘመን፣ መንዝ፤ ከተማ የከረመው ደምሰው የርስት ድርሻ ሊጠይቅ መጥቶ፣ ጎርፍ ያፈረሰውን እርከን የምትክበውን አክስቱን ወይዘሮ ዘርፌን ነገ ዳኛ ፊት ይመስክሩልኝ እያለ ይለማመጣታል።

ደምሰው፦ አንዲት ቃል እኮ ናት እትዬ! ምን ያቅትዎታል?

ዘርፌ፦ መጀመሪያ ከድንጋዩ ላይ ተነስ። ለእርከኑ ያመጣሁት ነው፣ የቂጥህ ማረፊያ አይደለም።

ደምሰው፦ ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ነው።

ዘርፌ፦ ባለቤቱማ ይኸው ድንጋይ ይሸከማል። አንተ ጃንጥላ ተሸክመህ መጣህ።

ደምሰው፦ የአባቴን ድርሻ ነው የጠየቅሁት፤ ለልመና አልመጣሁም።

ዘርፌ፦ አባትህ ይርጉ ነፍሱን ይማረውና፣ እህሉን ሲበላ ዝክሩንም ይደግስ ነበር። ጎርፍ ሲመጣ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይክብ ነበር። አንተ የአጎትህን ለቅሶ እንኳ በመልክተኛ ደረስክ። ለቅሶ በሰው ይላካል? ያውም በሰካራም!

ደምሰው፦ የመንግሥት ሥራ ይዞኝ ነው።

ዘርፌ፦ ማኅተም እፍ እያልክ ስታደርቅ!

ደምሰው፦ ይሳደቡ፣ ግድ የለም። ትናንት ሽማግሌዎቹ ባሉበት አባት ቆጥሬያለሁ፣ ጸሐፊውም ጽፎታል። የቀረው የእርስዎ ምስክርነት ነው።

ዘርፌ፦ እስቲ ቁጠረው፣ እኔም ልስማ።

ደምሰው፦ ደምሰው ይርጉ። ይርጉ ስንሻው። ስንሻው በላቸው። በላቸው ገብረየስ...

ዘርፌ፦ ቆይ ቆይ! አባቴን ስንሻውን የወለደች ሴት የለችም? ከወንድ ሆድ ነው የወጣው?

ደምሰው፦ እሷማ... ያ ሁሉ ጨዋ ሰው በተሰበሰበበት፣ እትዬ...

ዘርፌ፦ ስሟን ጥራ!

ደምሰው፦ ጠላ ሻጭ ነበረች አሉ!

ዘርፌ፦ ውድነሽ ነው ስሟ! አዎ፣ ሸጣለች። ባሏ በላቸው ከቆላ ወንዝ ተሻግሮ ሲመጣ አህያ እንኳ አልነበረውም፤ በሬ የገዛችለት በጠላዋ ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች። እኔ የማላውቀው መስሎሃል?

ደምሰው፦ እኛ ቤት ግራዝማች በላቸው ነው የሚባለው።

ዘርፌ፦ ማን ሾመው? ጋኑ ሥር እንደተኛ ነው ሹመቱ የደረሰው?

ደምሰው፦ ይሁን፤ አንዲት ሴት ብዘል ምን ይጎድላል?

ዘርፌ፦ መሬቱ ነዋ! ይህን አገር ያቀናው ወሰኔ የውድነሽ አባት ነው። በላቸው ከወሰኔ ጋር ምን ዝምድና አለው? ርስቱ የወረደልን በእሷ ነው። አንተ እሷን ዘለህ በባሏ ስትቆጥር፣ ወንዙን ተሻግረህ ቆላ ገባህልኝ።

ደምሰው፦ እንዴ! ሽማግሌዎቹ ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?

ዘርፌ፦ አንተ ፊት ነዋ ዝም ያሉት። ሲመለሱ እዚህ ጋ ቆመው በሳቅ ሲፈርሱ፣ አንዱማ ከዘራው ወደቀበት።

ደምሰው፦ አሁኑኑ ሄጄ እጨምራታለሁ።

ዘርፌ፦ ጨው ናት የምትጨመረው? በወንጌል ምለህ የለ!

ደምሰው፦ በአባቴ አጥንት ይዤዎታለሁ እትዬ፣ ነገ ይምጡልኝ።

ዘርፌ፦ እመጣለሁ እንጂ! ነጠላዬን አጣፍቼ ዳኛው ፊት እቆምና፣ «የቆጠረው ሁሉ እውነት ነው፤ የበላቸው ዘር ነው፤ እንዳለ አጽኑለት» እላለሁ።