ከጐታ ጀርባ የተበላ ቁርስ

በ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት በዐቢይ ጾም ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ወርቅ በእግር እሄድ ነበር። የጣሊያን ካሚዮን የሚመላለስበትን ጥርጊያ ሸሽቼ በማሳ ዳርና ወንዝ ለወንዝ ስዞር የሦስት ቀኑ መንገድ አምስት ቀን ፈጀብኝ። ጠላት ከመግባቱ በፊት የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርሁ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጫለሁ። ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም የመምከር አመሌ አልተዘጋም ነበርና መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰው ሳላስተምር ማለፍ ይከብደኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ አንባቢ ከዚህ በታች ያለውን ሲያነብ ሰው ያሳመነው የእኔ ዕውቀት እንዳይመስለው ብዬ ነው።

ከመጻጉዕ እሑድ በኋላ በነበረው ዓርብ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አንድ ወንዝ ተሻግሬ ስወጣ ከዋንዛ ጥላ ሥር ሁለት ሴቶች አርፈው አገኘሁ። አንዲቱ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ወገባቸው ያልጎበጠ፣ ዐይናቸው ሰውን የሚመረምር ባልቴት ናቸው። ሁለተኛይቱ ከሃያ ሁለት ዓመት የማትበልጥ ወጣት ናት፤ ልጅ በአንቀልባ አዝላለች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የጉንጯም አጥንት ወጥቷል።

«እንደምን አደራችሁ?» አልሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አረፍ በል ልጄ፤ ጥላው ለሁላችን ይበቃል» አሉ ባልቴቲቱ።

ተቀመጥሁ። እንደ አገራችን ልማድ አገርና ዘመድ ተጠያየቅን። ባንዳ አለመሆኔን ከአነጋገሬ መርምረው ካረጋገጡ በኋላ ነገሩን ሁሉ አጫወቱኝ። ስማቸው ወይዘሮ አይናዲስ ነው። ወጣቷ ሥራነሽ የልጃቸው የባዘዘው ሚስት ናት። ባዘዘው ካለፈው ነሐሴ ጀምሮ ጫካ ገብቶ ከአርበኞች ጋር ይዋጋል። በጀርባዋ ያለው ሕፃን አባቱ ከሄደ በኋላ በጥቅምት የተወለደ ነው፤ ድረስ ይባላል። አሁን ሕፃኑ ታሞ ወደ ደብረ ወርቅ ማርያም ጠበል ይዘውት መሄዳቸው ነው።

«ምን አመመው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ዐይን ወጋው እንጂ ምን ያመዋል! እንደ ሙክት የደለበ ልጅ ነበር። ከጥምቀት ወዲህ እንዲሁ ሟሸሸ» አሉ ወይዘሮ አይናዲስ።

ዝንብ መጥታ በሕፃኑ ዐይን ጥግ አረፈች። አልተነጫነጨም፤ ራሱንም አላወዛወዘም። እኔ ታናሽ ወንድሜን እንዲህ ዝም እንዳለ ነው ያጣሁት። ደነገጥሁና «እስኪ ልየው» አልሁ። ሥራነሽ አንቀልባውን ፈትታ ሕፃኑን ሰጠችኝ፤ ባዶ አገልግል ያህል ቀለለብኝ። የአናቱ እርግብግቢት ወደ ውስጥ ጐድጕዷል።

«ጡት ይጠባል?»

«ይይዛል፤ ቶሎ ይተዋል» አለች ሥራነሽ መሬት መሬት እያየች። «ወተቱ ነጥፏል መሰል።»

«አንቺስ ትናንት ምን በላሽ?»

በእሷ ፈንታ ወይዘሮ አይናዲስ በኩራት መለሱልኝ፤ «ፀሐይ ሳትጠልቅ እህል ውሃ በአፏ አይዞርም። ከጥር ጀምሮ ነው፤ ሁዳዴውን ብቻ እንዳይመስልህ። ባሏ በደኅና እስኪገባ ድረስ ተስላለች።»

አሁን ነገሩ ገባኝ። ገብቶኝም በትዕግሥት አልተናገርሁም።

«እናቴ፣ ይህ ልጅ የታመመው ረሃብ ነው» አልሁ።

«ረሃብ? የእናት ጡት እያለው?»

«ጡቱ ወተት የሚያገኘው ከምግብ ነው። እሷ ካልበላች እሱም አይበላም። እየጾመ ያለው የአምስት ወር ሕፃን ነው!»

ወይዘሮ አይናዲስ ተቆጡ። «ስማ ልጄ፤ እኛም ወልደናል። እኛም በሁዳዴ አጥብተናል፤ ጾመን ነው ያሳደግናቸው። ያሁን ዘመን ተማሪ የፈረንጅ ፊደል ሲቆጥር ጾም ይከብደዋል።»

ይህ ስድብ ቅኔ ቤቴን ስለነካብኝ፣ የፈረንጅ ብቻ እንዳልሆንሁ ላሳያቸው ብዬ አንድ ረዥም የግዕዝ ንባብ ከነትርጓሜው አወረድሁላቸው። አንድምታውን ሁለት ጊዜ አዙሬ ሦስተኛውን ስጀምር ሥራነሽ ቀስ ብላ አቋረጠችኝ።

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ግዕዙ አይገባኝም። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የማውቀው። በጥር አንድ ሰው ከጫካ መጣ፤ ጥይት የባዘዘውን ጋቢ ቀዶት አለፈ፣ ገላውን ግን አልነካውም አለኝ። ጥይቱ ያለፈበት ቀን ስለቴን ከጀመርሁ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። አሁን ብፈታውና ቢሞትስ? ባሌን በቁራሽ እንጀራ ገደልሁት ማለት አይደለም?»

መጽሐፍ የተማረ ሰው ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ አለው ቢባል አትመኑ። አንዲት ሴት ባሏን በአንድ እጇ፣ ልጇን በሌላ እጇ ይዛ ከሁለት አንዱን ልቀቂ የተባለች መስሏት ተቀምጣለች። ተቆጥቼ በመናገሬ አፈርሁና ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ሥራነሽ፣ ይህን ስለት ማን አዘዘሽ? የንስሐ አባትሽ ናቸው?»

«አባ አስማማው አያውቁም። ጦርነቱ ወደ ደብረ ወርቅ አሽሽቷቸዋል። እኔው ነኝ የተሳልሁት።»

«ለምን ይህን መረጥሽ?»

እንባዋ መጣ። «ምን አለኝ የኔታ? ወንዶቹ ይዋጋሉ፣ ካህናቱ ይቀድሳሉ። የባላገር ሴቶች ስንቅ ያደርሳሉ፤ እኔ አራስ ስለነበርሁ እሱንም አልቻልሁ። ዳዊት አልደግም። ቀኑን ሙሉ ማጥባት፣ ማጠብ፣ መፍጨት ነው። ይህ ደግሞ ከጸሎት አይቆጠር። ለእግዚአብሔር የምሰጠው ባጣ ጊዜ ያለኝ ሆዴ ነው ብዬ እሱን ሰጠሁት።»

ብዙ እናቶች እንዲህ እንደሚያስቡ በኋላ ዘመኔ ተረድቻለሁ። ቤት ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ሁሉ ከእግዚአብሔር ፊት የማይደርስ፣ ሰማይ የሚገባው ከቤት ወጥቶ የተሠራ ብቻ ይመስላቸዋል። ይህን ያስተማርናቸው እኛ ወንዶች ነን፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

«ባዘዘው ሲሄድ ምን አለሽ?» አልኋት።

«እጁን ሆዴ ላይ አድርጎ፣ 'አደራሽን' አለኝ።»

«አደራው ማን ነው?»

ወደ ሕፃኑ አየች።

«አሁን የምትሄጂው እመቤታችን ዘንድ ነው። ሥዕሏን አይተሻል?»

«በልጅነቴ ተሳልሜያለሁ።»

«ምን ይዛለች?»

«ልጇን።»

«ከወለደች በኋላ ልጇን መሬት አስቀምጣ ስትሰግድ የሣላት ሠዓሊ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም። ጌታን ስታጠባው የበላችው እህል ነው፤ ያም መብላቷ አገልግሎት ሆኖ ተቆጠረላት። ለአንቺ የተሰጠሽ ቅዳሴ እዚህ አንቀልባ ውስጥ አለ። ሌላው ሰው ሊቀድስልሽ አይችልም። እግዚአብሔር ደግሞ ለባልሽ ነፍስ የልጅሽን ነፍስ ለውጪኝ የሚል ነጋዴ አይደለም።»

ሥራነሽ ዐይኗን ወደ አማቷ አነሣች። ያለ እሳቸው ፈቃድ አንድ ነገር እንደማታደርግ ከአስተያየቷ ያስታውቃል። የሚፈራለት ልጅ የእሳቸው ነው፤ የሚሞተውም የልጅ ልጃቸው ነው። ስለዚህ የሕፃኑ ሕይወት በዚያች ሰዓት ያለው በእሳቸው አንደበት ላይ ነበር።

«እሜቴ፣ አንቱም ባዘዘውን በሁዳዴ ጾመው ነው ያጠቡት፤ አይደለም? እሱ ተርፏል እኮ» አለች።

ወይዘሮ አይናዲስ በበትራቸው አፈሩን ይጭሩ ጀመር። እንደገና ልመክር አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ።

«አልጾምሁም» አሉ።

«ምን አሉ እሜቴ?»

«ባዘዘውን ሳጠባ አልጾምሁም። በሁለተኛው ሳምንት ወፍጮው ላይ ወደቅሁ። የዚያን ጊዜው የንስሐ አባቴ መጡና 'ልጁ ዓመት እስኪሞላው ጠዋት ጠዋት የጾሙን ምግብ ብዪ' ብለው አዘዙኝ፤ ገዘቱኝም። እኔ ግን የጎረቤት ሴት እንዳታየኝ አፈርሁ። ጠዋት ከጐታው ጀርባ ተሸሽጌ እበላና አፌን ጠርጌ ወጥቼ፣ 'ጾሙ እንዴት ነው?' ሲሉኝ 'እግዚአብሔር ይመስገን' እል ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው አልተናገርሁም። አንቺ ተሳልሁ ስትዪኝ፣ እኔ ያጓደልሁትን እሷ ትክፈልልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ይህን ልጅ የፈጀው ዐይን አይደለም፤ የእኔ ኀፍረት ነው።»

እኔ እንደዚያ ቀን ያለ ስብከት ሰምቼ አላውቅም። ሴቶቹ ሁሉ የተፈቀደላቸውን በስውር እየበሉ በአደባባይ ጾምሁ ይላሉ፤ ተከታይዋም እናቴ ያደረገችውን ላድርግ ብላ በእውነት ትጾምና ልጇን ትቀብራለች። እናቶች ያልጾሙትን ጾም ልጆቻቸው ወረሱት! እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራው ሃይማኖቱን የሚወድ ሕዝብ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ያሳዝናል።

«ታዲያ ለማታ የያዛችሁት ስንቅ የት አለ?» አልሁ።

ወይዘሮ አይናዲስ እኔን አልጠበቁም። ከስልቻው በሶ አውጥተው፣ ጨው ጨምረው፣ ከቅሉ ውሃ አፍስሰው በዋንጫ በጠበጡት። ሥራነሽ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

«ስለቱስ?»

«አባ አስማማው ይፈቱሻል፤ እስከዚያ ኃጢአቱ በእኔ ላይ ይሁን። ባዘዘው የሚዋጋበት ጉልበት ከምን የመጣ መሰለሽ? እኔ ከጐታው ጀርባ ከበላሁት ቁርስ ነው። በይ ጠጪ፤ ለልጄ ልጅ ጠጪለት።»

ጠጣች። እያለቀሰች ጠጣች። እሳቸውም ጐንበስ ብለው የዋንጫውን ሥር ደግፈው ይዘውላት ነበር።

መንገዳችን አንድ ስለነበረ አብረን ሄድን። በየሁለት ሰዓቱ እያረፍን አበላናት፣ አጠጣናት። ወተት እንደ ምንጭ ወዲያው አይፈልቅምና የመጀመሪያው ቀን በጭንቀት አለፈ። ደብረ ወርቅ በገባን በማግሥቱ ሕፃኑ ጡቱ ቆይቶበት በቁጣ ጮኸ። እኔ ለቅሶ ሰምቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አባ አስማማውም ስለቱን ፈትተው በሌላ ለወጡት፤ «ጠዋት ብዪ፤ ልጅሽን ባጠባሽ ቁጥር አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ። በቀን አሥር ጊዜ ብታጠቢ አሥር ጊዜ ከእግዚአብሔር ጋር ተነጋገርሽ ማለት ነው» አሏት። እኔ ከተናገርሁት ሁሉ ይህ በለጠ።

አገር ነጻ ከወጣ በኋላ፣ በ፲፱፻፴፬ ዓመተ ምሕረት ሁዳዴ፣ በእነሱ መንደር ሳልፍ ጎራ አልሁ። የአራት ዓመት ወንድ ልጅ በደጃፉ ጥጃ እየጎተተ አገኘሁ። ሥራነሽ አወቀችኝና እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኋት።

«ባዘዘውስ?» አልሁ።

«አልተመለሰም የኔታ። መርዶው በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ መጣ። 'ስለቴን ስላፈረስሁ ነው' ብዬ ፊቴን ነጨሁ። በኋላ ቀኑን ስንቆጥር፣ እኛ ከዋንዛው ሥር ስንከራከር እሱ ከሞተ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር። አንድ ቀን ሳላጓድል እየጾምሁ ነው የሞተው። አባ አስማማውን 'ታዲያ ጾሜ ምን ሠራ?' ብዬ ጠየቅኋቸው። 'አላውቅም ልጄ፤ የወሰደውን እንድንተረጉም ሳይሆን የሰጠንን እንድንጠብቅ ነው የታዘዝነው' አሉኝ። በዚያ ቀን ባንገናኝ ሁለቱንም ቀብሬ ነበር። አደራውን ግን ይኸው፤» አለችና ጥጃ ወደሚጎትተው ልጅ አገጯን አነሣች።

ይህን የምታነቢ እናት ሆይ፣ ጾምን ተዪ አላልሁሽም፤ ጾም ይጠቅማል፤ ጊዜና መጠን ግን አለው። ስታጠቢ ብዪ፤ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ የተፈቀደልሽንም አትሸሽጊ፣ ከአንቺ በኋላ የምትመጣዋ እውነቱን አይታ እንድትማር። ልጅ ማሳደግሽ ከጸሎት የሚያግድሽ ሥራ አይደለም፤ ራሱ ጸሎት ነው። ቤትሽ ይጠናል፣ ልጅሽ ይድናል፣ እግዚአብሔርም የሚያገኝሽ እዚያው ካስቀመጠሽ ቦታ ነው።

ያን ቀን ከእነሥራነሽ ደጅ ልነሣ ስል ወለተ ኢየሱስ የምትባል የጎረቤት አራስ፣ ልጇን ታቅፋ፣ በቁራሽ እንጀራ የተጠቀለለ ሽሮ በነጠላዋ ከልላ መጣች። ጊዜው ጠዋት ነው። ዙሪያዋን ገልመጥ አድርጋ ወደ ውስጥ ልትገባ ስትል በደጃፉ የነበሩት ወይዘሮ አይናዲስ በበትራቸው በሩን አገዱት።

«ወዴት ነው?»

«እውስጥ ልቅመስ ብዬ ነዋ እሜቴ። ቤቴ እንግዳ አለ፤ እዚህም ደጅ ሰው ያየኛል።»

«ከጐታው ጀርባ ቦታ የለም፤ እህል ሞልቼበታለሁ። እዚሁ ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። አንገቷን ደፍታ መብላት ጀመረች። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጡ ሴቶች በዚያ አለፉና አዩአት። ከመካከላቸው አንዲት እርጉዝ ቆም ብላ የምትበላዋን፣ ከዚያም ባልቴቲቱን ተመለከተች፤ ወይዘሮ አይናዲስም ከሩቅ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እኔም ሳጠባ እንዲህ ጠዋት ነበር የበላሁት!» አሏት።