አስካለን አንቱ ያልኩ ዕለት

አንዲት ቃል ብዋሽ ዛሬን አልደር! ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን በሚኒባስ ስንሄድ፣ ሬዲዮው በዓለም ዙሪያ ስለ ሴቶች መብት ያወራል። መናኸሪያ ደርሰን ሰው ሊወርድ ሲነሳ አስካለ ከወንበሯ ንቅንቅ አልል አለች።

«ውረጂ እንጂ!» አልኳት።

«ከተጋባን ጀምሮ እርስዎን አንቱ ስል ኖርኩ። እርስዎም አንድ ጊዜ አንቱ ካላሉኝ አልወርድም» ብላ ቁጭ!

«ኧረ ሚስት አንቱ ትባላለች?»

ከኋላችን የቆመች ወጣት የፋብሪካ ሠራተኛ ሳቀች። «ይበሏቸው አባባ፣ ምላስዎ እንደሁ አይቆረጥ!»

ምላሴ ግን የአንኮበርን ተራራ ያህል ከበደኝ። ላቤ እንደ ክረምት ጎርፍ ወርዶ መኪናውን ሊወስደው ነበር። በመጨረሻ እጄን ዘረጋሁና፣ «እሜቴ አስካለ፣ ይውረዱ» አልኳት።

እንደ ሙሽራ አቀረቀረች። ከዚያ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ «በቃ በቃ፣ አስረጀኸኝ!» አለችኝ።

አስረጀኸኝ! በዕድሜዬ አንተ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። እኔም በዚያው ወጣት ሆንኩ፤ እስከ ዛሬም አንተና አንቺ ነን።

አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። ያ ሚኒባስ ሬዲዮ የለውም። አስካለ ከማንም አልሰማችም፤ ራሷ ናት ያሰበችው።